«ሣር አጫጅ ነኝ» ለማለት 9 ዓመት ፈጀብኝ

እናቴ በደወለች ቁጥር ጥያቄዋ አንድ ነበር። «ልጄ፣ ሥራ እንዴት ነው?» ትለኛለች። «ደህና ነው እማዬ» እላታለሁ። «ለመሆኑ ሥራህ ምን ነበር ያልከኝ?» ስትል ግን ምላሴ ይተሳሰራል። «በተማርኩት ነው፣ በዕፅዋት ሳይንስ» ብዬ ቶሎ ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። ውሸት አይደለም። ግን እውነትም አይደለም። ሥራዬ በጆሃንስበርግ ሰሜናዊ ሰፈሮች በሚገኝ አንድ የጎልፍ ክለብ ሣር መንከባከብ ነው። የሙያው ስም «ግሪንኪፐር» ነው። የእኛ ልጆች ግን አሳጥረው «ሣር አጫጅ» ይሉታል።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በየአገሩ ተበትናችሁ ለምትማሩና ለምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ ነው። ሰው «ተሳካለት» በተባለበት ሰሞን ውስጡ እንዴት ሊደርቅ እንደሚችል በራሴ አይቼዋለሁና ዝም ብዬ ላልፈው አልፈልግም።

ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄያለሁ። አገር ቤት ጥቂት ዓመት በወረዳ ግብርና ከሠራሁ በኋላ ብዙዎቻችሁ በምታውቁት መንገድ፣ በኬንያ፣ በታንዛንያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አቆራርጬ ጆሃንስበርግ ገባሁ። መቼም ጄፒ ጎዳናን የማያውቅ የጆሃንስበርግ ሐበሻ የለም። በአንድ ወቅት የሐኪሞች ቢሮ የነበረው «ሜዲካል አርትስ» የተባለው ሕንፃ ዛሬ የሐበሻ ሱቅ ነው፤ እንጀራው፣ በርበሬው፣ ቡናው እዚያው ነው። እኔም እንደ ብዙው አዲስ ገቢ ብርድ ልብስና አንሶላ ተሸክሜ በየሎኬሽኑ በር አንኳኳሁ። በዱቤ ትሰጣለህ፣ በወር መጨረሻ ትሰበስባለህ። አንዱ ይከፍልሃል፣ ሌላው ውሻ ይለቅብሃል። ሁለት ጊዜ ተዘረፍኩ። በሁለተኛው አብሮኝ የነበረው ልጅ እግሩን በጥይት ተመታ።

ከዚያ በኋላ ነው ጋሼ የምንላቸው አንድ ነጋዴ «አንተ የግብርና ሰው አይደለህም እንዴ? ዕቃ የማደርስበት ክለብ የቀን ሠራተኛ ይፈልጋሉ» ያሉኝ። በማግስቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ታክሲ ይዤ ሄድኩ። አካፋ ሰጡኝ።

ይህች ከተማ ከጎልፍ ጋር ያላት ጉዳይ ረጅም ነው። ጆሃንስበርግ የተቆረቆረችው ወርቅ ሲገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1890፣ ዛሬ ሮያል ጆሃንስበርግ የሚባለው የጎልፍ ክለብ ተመሠረተ። ገና አቧራዋ ሳይረግፍ ጎልፍ መጫወት ጀምራለች ማለት ነው። ዛሬ ሆተን፣ ግሌንዳወር፣ ራንድፓርክ፣ ዋንደረርስ እያላችሁ ብትቆጥሩ፣ በየአጥሩ ውስጥ ከንጋት በፊት የሚነሱ ሠራተኞች አሉ። ተጫዋቹ ሲመጣ እኛ አንታይም። ሥራችን ጥሩ ከሆነ ማንም አያስተውለንም። ከተበላሸ ግን ሁሉም ስማችንን ያውቃል።

ጎልፍ ለማያውቅ ሰው ሜዳው ሁሉ አንድ ሣር ይመስለዋል። ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ ያለበት ምንጣፍ መሳይ ቦታ «ግሪን» ይባላል። እዚህ ከተማ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ የሚበቅለው ቤንት የሚባል ብርድ የሚችል ስስ ሣር ነው። 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ይታጨዳል። አራት የባንክ ካርድ ደራርባችሁ ብታዩት ያን ያህል ነው። «ፌርዌይ» በሚባለው ረጅሙ ሜዳ ላይ ደግሞ በብዛት ኪኩዩ አለ። ኪኩዩ ስሙን ያገኘው ከኬንያው ሕዝብ ነው፤ የትውልድ አገሩ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው፣ የእኛም ደጋ ጭምር። የመጀመሪያ ቀን ተንበርክኬ ሳየው ሳቄ መጣ። በልጅነቴ ከብት ያገድኩበት ሣር ነው! እሱም እንደኔ ከሰሜን መጥቶ እዚህ ሥር ሰዷል። አንዳንድ ቦታ መጤ ወራሪ ተብሎ ሕግ ወጥቶበታል፣ ጎልፍ ሜዳ ላይ ግን በማዳበሪያ ይቀለባል። ለእኛስ ቢሆን ነገሩ ያው አይደል?

ሥራውን ወደድኩት። እዚህ ክረምቱ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደረቅና ብርዳም ነው። ሌሊት አመዳይ ይወርዳል። አመዳይ በያዘው ግሪን ላይ ሰው ከረገጠ የእግሩ ዱካ ጠቁሮ ለሳምንታት ይቀራል። ስለዚህ በር ላይ ቆሜ ባለ ብዙ ገንዘብ አባላትን «ፀሐይ እስኪያቀልጠው ጠብቁ» እላቸዋለሁ። እኔ፣ የአሳይለም ወረቀቴን በየጊዜው ለማሳደስ ስሰለፍ የምውለው ሰው፣ እነሱን አሰልፋለሁ። በበጋ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ያለበት ዝናብ ይመጣል፤ ሲረን ተነፍቶ ሜዳው ባዶ ይሆናል። በጥቅምት ጃካራንዳው ሲያብብ፣ ጠዋት ከማሽኑ ድምፅ በፊት ጅግራዎች ጤዛው ላይ ሲሮጡ፣ ደስ ይላል።

ቀስ በቀስ አደግሁ። ከአካፋ ወደ ማጨጃ ማሽን፣ ከማሽን ወደ ውኃ መስመር፣ ከዚያ ፎርማን። የውጭ አገር ትምህርት ማስረጃ የሚመዝነው ሳቃ የተባለው የመንግሥት ተቋም ዲግሪዬን መዘነልኝ። ማታ ማታ ስለ ሣር በሽታ፣ ስለ አፈር፣ ስለ ኬሚካል አነባለሁ። በ7ኛው ዓመት ምክትል ግሪንኪፐር ሆንኩ። ለቤተሰብ የምልከው ገንዘብ በእጥፍ ጨመረ። የእህቴን የኮሌጅ ክፍያ ቻልኩ፣ ለእናቴ ቤት ቆርቆሮ ተቀየረ። ፌስቡክ ላይ ፎቶዬን ስለጥፍ ከኋላዬ ያለውን አረንጓዴ ሜዳ ያየ ሁሉ «ጀግና! በርታ!» ይላል። ማንም የያዝኩትን ማጨጃ አላየም። እንዳይታይ አድርጌ ነው የተነሳሁት።

ችግሩ የጀመረው እዚህ ጋ ነው፤ ሥራዬን እየወደድኩ አፍሬበት ነበር። ያፈረ ሰው ደግሞ ሐፍረቱን የሚሸፍነው ከልክ በላይ በመሥራት ነው። ዕረፍት አልወስድም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተውኩ። ጄፒ ወርጄ ቡና የምጠጣቸው ጓደኞቼ መደወል አቆሙ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የሥራ ሕግ መደበኛውን ሥራ በሳምንት ከ45 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል፣ በዓመትም 21 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ያስገደደኝ ሰው ግን አልነበረም። ራሴ ነኝ ሕጉን በራሴ ላይ የጣስኩት።

በ8ኛው ዓመት አለቃዬ ሌላ አገር ሥራ አግኝቶ ሄደ። ክለባችን ትልቅ ውድድር ሊያስተናግድ ቀን ተቆርጦ ነበርና ሜዳው በእኔ እጅ ወደቀ። ኮሚቴው የፈለገው ፈጣን ግሪን ነው። የግሪን ፍጥነት የሚለካው ስቲምፕሜትር በሚባል መሣሪያ ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ስቲምፕሰን በ1935 የፈለሰፈው ሲሆን፣ ኳስ የሚንከባለልበት ከአንድ ሜትር ያነሰ አሸንዳ ነው። ኳሷ ከአሸንዳው ወርዳ ስንት ጫማ ተንከባለለች? ያ ነው ፍጥነቱ። ዘወትር 9 ወይም 10 ጫማ እናስኬዳለን። ኮሚቴው 12 ጠየቀ። «ይቻላል» አልኩ። «አይቻልም» ማለት የማውቅ ሰው አልነበርኩም።

12 እንዴት ይመጣል መሰላችሁ? ሣሩን ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ታወርደዋለህ፣ በቀን ሁለቴ ታጭደዋለህ፣ በሮለር ትዳምጠዋለህ፣ ውኃ ትነፍገዋለህ። ኳሷ እንደ መስታወት ላይ ትሄዳለች። ግን ሣር የሚበላው በቅጠሉ ነው። ቅጠሉን ባሳጠርክበት መጠን ሥሩም ያጥራል። ይህን ሐረማያ በመጀመሪያው ዓመት ተምሬዋለሁ። እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

በዚያ ሳምንት የምተኛው ማሽን ቤት ውስጥ ነበር። ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሐሙስ ማታ ሳየው ወንድሜ 11 ጊዜ ደውሏል። «ውድድሩ ይለቅና እደውላለሁ» ብዬ መልሼ ዘጋሁት። እሑድ ውድድሩ አለቀ። 12 ጫማ! የኮሚቴው ሰዎች እጄን ጨበጡኝ፣ በማይክሮፎን አመሰገኑኝ። ማታ ቤቴ ስደርስ በሬ ላይ የአገሬ ሰዎች ተሰብስበው ቆመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም።

አባቴ ያረፈው ዓርብ ነው። ወንድሜ በኋላ እንደነገረኝ ሦስት ቀን ሙሉ ስሜን ሲጠራ ነበር፤ ድምፄን ብቻ እንዲሰማ ነበር የደወለው። ለቀብር መሄድ አልችልም ነበር፤ በአሳይለም ወረቀት ወደ አገር ቤት የገባ ሰው ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። ስልክ ማንሳት ግን እችል ነበር። ለዚያ ወረቀት አያስፈልግም።

ዕድራችን ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠልኝ። እኔ ግን በሁለተኛው ቀን ወደ ሥራ ሄድኩ። «ሜዳው ያለ እኔ ይደርቃል» አልኩ። የሄድኩበት ሜዳ ግን እየደረቀ ነበር። የ14ኛው ጉድጓድ ግሪን ቀለሙ ወደ ቡናማ ተቀይሯል። ቆፍሬ አየሁት። ድሮ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርድ የነበረው ሥር 3 እንኳ አይሞላም። ከላይ ሲያዩት የተጨበጨበለት፣ ከሥር ምንም የሌለው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት በደንብ አላስታውሳቸውም። እንቅልፍ የለም። የማሽን ድምፅ በሌለበት ይሰማኛል። ለትንሽ ነገር ሠራተኛ ላይ እጮኻለሁ። እህል አይወርድልኝም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከሥራ ጫና የሚመጣ መዛልን በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ ሲያካትት በሽታ አላለውም፤ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ነው የገለጸው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ ጉልበት ማለቅ፣ ሥራን ማራቅ ወይም መጥላት፣ ውጤታማ አይደለሁም ብሎ ማሰብ። እኔ ሦስቱም ነበሩብኝ። በእኛ ዘንድ ግን ይህ «ሰው መሆን ነው፣ ቻል አድርገው» ተብሎ ይታለፋል።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ሁላችንም ባባ እንለዋለን። በዚያ ክለብ ከልጅነቱ ጀምሮ ሠርቷል፤ መጀመሪያ ቦርሳ ተሸካሚ ነበር። ብዙ ጊዜ የፓፕዋ ሴውጎሉምን ታሪክ ያወራልናል። ፓፕዋ የደርባን ሰው፣ የሕንድ ተወላጅ ነው፤ እሱም ቦርሳ ተሸካሚ ነበር። በ1959 እና በ1960 ሆላንድ ሄዶ የሆላንድን ኦፕን አሸነፈ። በ1963 በገዛ አገሩ የናታል ኦፕንን ሲያሸንፍ ግን በአፓርታይድ ሕግ ምክንያት ነጮቹ ወደተቀመጡበት የክለቡ ቤት መግባት አልቻለም። ዋንጫውን ውጭ፣ ዝናብ እየመታው ተቀበለ። ባባ ይህን ሲያወራ ሁሌ የሚጨርሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ፓፕዋን ውጭ ያቆሙት እነሱ ናቸው፤ አንተን ግን ውጭ ያቆመህ ማን ነው?» አለኝ አንድ ቀን። መልስ አልነበረኝም።

በነሐሴ መጨረሻ፣ የእዚህ አገር ፀደይ ሲጀምር፣ ግሪኖችን እንበሳለን። በማሽን በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች ከፍተን አፈሩን እናወጣለን፣ አሸዋ እንሞላበታለን። አየርና ውኃ ወደ ታች እንዲገባ፣ ሥሩ እንዲተነፍስ። ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ሜዳው ያስጠላል። አባላቱ ይቆጣሉ፤ «ምን ነካችሁ? ደህናውን ሜዳ አበላሻችሁት!» ይላሉ። በየዓመቱ ይህን እሰማለሁ፤ በየዓመቱም «ካላበላሸነው ይሞታል» ብዬ አስረዳለሁ። በዚያ ዓመት ይህንኑ ለአንድ አባል እያስረዳሁ ድምፄ ተቆረጠ። እንባዬ መጣ። ሰውየው ደንግጦ «ይቅርታ፣ ስለ ሜዳው ነው እንጂ…» አለ። ነገሩ ግን ስለ ሜዳው አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሳዳግ የሚባለው የድብርትና የጭንቀት ማኅበር ዋና ቢሮው እዚሁ ጆሃንስበርግ ነው፤ በስልክ በነፃ ያነጋግራል። ደወልኩ። አፌን እየጎተተኝም ቢሆን ተናገርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ወሰድኩ። ስመለስ ምን ሆኖ ቢጠብቀኝ ጥሩ ነው? ሜዳው አረንጓዴ! ልጆቹ ሠርተዋል። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው የአህያዋ ተረት ትዝ አለኝ። ሰርዶው እኔ ሳልኖርም በቅሏል። ይህ መጀመሪያ ከፋኝ፣ ቀጥሎ ግን እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ለኮሚቴው ጻፍኩ። ከእንግዲህ ግሪኑ ዘወትር ከ3 ሚሊ ሜትር በታች አይወርድም፣ ከ10 ጫማ በላይ የሚፈለገው በዓመት ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፣ ከውድድር በኋላ ደግሞ ሜዳው ዕረፍት ያገኛል አልኩ። ያባርሩኛል ብዬ ነበር። ተከራከሩ፣ ቅር አላቸው፣ በመጨረሻ ተቀበሉ። የሞተውን 14ኛ ግሪን አሳየኋቸዋ! አልዋሽም፣ ዋና ግሪንኪፐርነቱን ግን ለሌላ ሰው ሰጡት። ምክትል እንደሆንኩ ነኝ። በፊት ቢሆን ይህ ይገድለኝ ነበር።

እናቴስ? በ9ኛው ዓመት፣ በአባቴ ሙት ዓመት ቀን ደወልኩላት። «እማዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ሥራዬ ሣር ማጨድ ነው። ሀብታሞች የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ሣር ነው የምንከባከበው» አልኳት። ዝም አለች። ልቤ ቆመ። ከዚያ «ሣር?» አለች፤ «ሣር እኮ ለእንግዳ ነው የሚጎዘጎዘው። በዓል ያለ ሣር በዓል ይሆናል? ታዲያ ይህን ምን ብሎ ነው ልጄ የደበቀኝ?» አለች። ቀጥላም «አባትህ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር» ስትል ሁለታችንም አለቀስን። እሱ ገበሬ ነበር። ከሁሉም ሰው በላይ ሥራዬ የሚገባው እሱ ነበር። ላጫውተው እችል የነበረው ብዙ ነገር ነበር፤ ስለ ኪኩዩው፣ ስለ አመዳዩ፣ ስለ ሥሩ። ከሞቱ በላይ አሁንም የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

እንግዲህ አንባቢያን፣ አንዳንዶቻችሁ ሆስፒታል፣ አንዳንዶቻችሁ ኮምፒውተር ፊት፣ አንዳንዶቻችሁ ቤተ ሙከራ ውስጥ ናችሁ። ሥራችሁ ከኔ የተለየ ነው። ግን እያንዳንዳችሁ የምትለኩበት አንድ ስቲምፕሜትር አለ፦ ውጤት፣ ዕድገት፣ የምትልኩት ዶላር፣ ፎቶ ሥር የሚሰበሰበው «በርታ»። ሁሉም የሚለካው ኳሷ ላይ ላዩን ምን ያህል እንደሮጠች ነው። ሥሩን የሚለካ ማንም የለም። እሱን ቆፍሮ የሚያየው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ትጋትን አላጣጥልም። 12 ጫማ ያመጣንበትን እሑድ ዛሬም አልጠላውም፤ ሥራው ጥሩ ሥራ ነበር። የምለው ለጥቂት ቀን የሚቻለውን ዓመቱን ሙሉ ኑሮ አታድርጉት ነው። ያላችሁን ፈቃድ ውሰዱ፤ ሕግ የሰጣችሁ ነው። የሥራችሁን ስም ለቤተሰብ በትክክሉ ተናገሩ፤ ሐፍረቱ ከሥራው በላይ ያደክማል። እንቅልፍ ሲጠፋ ሐኪም አማክሩ፤ ወሬ አይደለም፣ ጤና ነው። ከሁሉ በፊት ግን፣ እባካችሁ፣ ከአገር ቤት ሲደወል ስልኩን አንሱ።

አሁን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሆኗል። ውጭ አመዳይ ወርዷል፣ ታክሲዬም ሊደርስ ነው። ዛሬ ማንም ሰው ፀሐይ ሳትወጣ ግሪኔን አይረግጥም። እናቴም ስትደውል «የት ነህ?» ካለችኝ፣ «ሣሩ ላይ ነኝ እማዬ» እላታለሁ።

ቸር ሰንብቱ።